የተፈጥሮ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ቢራቢሮ ፍለጋ እስከ ኬንት

«ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን የምታስቀሩብን ለቢራቢሮ ነው እንዴ?» ያሉኝ ወላጅ ይህን ገጽ እንደሚያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ። ጥያቄው አላስከፋኝም። መልሱ ግን በር ላይ ቆመው የሚጨርሱት ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

ዘንድሮ እንግሊዝ አገር ያለው የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ ያተኮረው ፍሪቲላሪ በሚባሉት ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች ላይ ነበር። ብሪታንያ ውስጥ በርካታ ዓይነቶች አሏቸው፤ ብዙዎቹም እየተመናመኑ ነው። እኛ የመረጥነው ሂዝ ፍሪቲላሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ሊጠፋ ትንሽ ነበር የቀረው። ዛሬም የሚገኘው በኬንት፣ በኤሴክስና በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። «መረቡስ የታለ?» ላላችሁኝም፦ ይህን ቢራቢሮ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ክልክል ነው። እኛ የምንይዘው ደብተርና እርሳስ ነው።

በብርዱ ወራት አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ሣልን፣ ካርታ አየን፣ ስለ አባጨጓሬ አነበብን። እሱን በዝርዝር አልጽፍም። አንዱን ቅዳሜ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ኤሌኖር ግላንቪል ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ቢራቢሮ ትሰበስብ የነበረች እንግሊዛዊት ናት። ግላንቪል ፍሪቲላሪ የተሰየመው በእሷ ስም ነው። ከሞተች በኋላ ልጇ ኑዛዜዋን ፍርድ ቤት ወሰደው። ጤነኛ ሰው ቢራቢሮ ሲያሳድድ አይውልም ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1712 ኑዛዜው ተሻረ። የእኛ ልጆች ጉዳዩን እንደገና ችሎት አቀረቡት። ዳኛው፣ ጠበቃው፣ ምስክሩ፣ ሁሉም በአማርኛ። ዳኛችን የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ለኤሌኖር ፈረደችላትና «ይግባኝ የለም!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው።

ጁን ላይ ኬንት ውስጥ ካንተርበሪ ከተማ አጠገብ ወዳለው የብሊን ጫካ ሄድን። አንዳንዶቹ ልጆች በጉጉት የመጡት ጎሽ ለሚመስለው ግዙፍ የዱር እንስሳ፣ ለባይሰን ነበር፤ በዌስት ብሊን በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 የተለቀቁ አሉ። ባይሰን አላየንም። ስንደርስ ሰማዩ ደመና ነበር። ሂዝ ፍሪቲላሪ ደግሞ ፀሐይ ካልወጣ ንቅንቅ አይልም። ቁጭ ብለን ቆሏችንንና ክሪስፓችንን በላን።

እናቱ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ ብቻ ክበባችን የሚመጣ የ13 ዓመት ልጅ አለን። ስሙን አልጽፍም። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን አያቱም አብረውን ነበሩ። ልጁ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ጉንዳን ያያል። የጫካው ጉንዳኖች ካው ዊት የምትባለውን ቢጫ አበባ ያላትን ተክል ዘር ይሸከማሉ፤ የሂዝ ፍሪቲላሪ አባጨጓሬ ምግብ እሷ ናት። አጠገቡ ባለው ሣር ጫፍ ላይ አንዲት ቢራቢሮ ክንፏን ገጥማ ተቀምጣለች።

«ቲቸር፣ ና!» አለኝ። አንቱታውን ለሌላ ቀን አቆይተነዋል።

የክንፉ የታችኛው ገጽ ነጭና ብርቱካናማ በመደዳ ነው፤ መሐሉ በቀጭን ጥቁር መስመር ተከፋፍሏል። ልክ የቀሚስ ጥለት። አያቱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አጎነበሱና «ይሄን ማን ጠለፈው?» አሉ። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። ምን ትበላለች? ብርዱን እንዴት ታልፈዋለች? እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ልጁ መቼስ ማምለጫ የለውም። «ትሏ ደረቅ ቅጠል ውስጥ ትተኛለች፣ እስኪሞቅ» አለ። ቀጥሎ «ዛፉ ካልተቆረጠ ትሞታለች» ሲላቸው ተጣሉ። ዛፍ እየቆረጡ ደን መጠበቅ ምን ማለት ነው? ልጁ አልተሸነፈም። ጫካው ሲጨልም ያቺ አበባ ትጠፋለች፤ ስለዚህ በየተራ እየቆረጡ ፀሐይ ያስገባሉ፤ ጉቶው አይሞትም፣ መልሶ ያድጋል አላቸው። ቦታውን በእጁ አሳያቸው። ቼስነት የሚባለው ዛፍ ከተቆረጠበት ዙሪያውን አቆጥቁጧል። እማማ ቀረብ ብለው ነካ ነካ አደረጉትና «አሃ፣ እንደ ባሕር ዛፋችን ነዋ! እኛስ ስንቴ ቆርጠን ስንቴ በቀለ» አሉ። ከዚያ በኋላ አስረጂዋ እሳቸው ሆኑ።

እኔ ዳር ቆሜ እሰማ ነበር። በዓመቱ ሙሉ ክፍል ውስጥ ከዚያ ልጅ አፍ ያልሰማሁትን አማርኛ በዚያች ግማሽ ሰዓት ሰማሁት። ፀሐይም ወጣች። ቢራቢሮዎቹ ከጉልበት በታች ዝቅ ብለው፣ ክንፋቸውን ነጠቅ ነጠቅ እያደረጉ ከዚያም ዘርግተው እየተንሸራተቱ ይበርሩ ጀመር። የሚጮኸው ልጅ ብዛት! ፈቃደኛ አስጎብኚው ቀስ በሉ ማለቱን ትቶ አብሮ ሳቀ።

ጁላይ ላይ ሱሬይ ውስጥ ወዳለው ተርስሊ ኮመን ሄድን። ፍሪቲላሪ ፍለጋ ሳይሆን ልጆቹ ሂዝላንድ የሚባለው ቁጥቋጦ የበዛበት ገላጣ መሬት ምን እንደሚመስል እንዲያዩ ነው። የደባርቅ ተወላጅ የሆኑ አንድ አባት ቁጥቋጦውን አይተው «ይሄማ አስታ ነው፣ ድንክ አስታ!» አሉ። አልተሳሳቱም፤ የስሜኑ አስታና እዚህ ሂዘር ከሚባለው ቁጥቋጦ አንዳንዱ አንድ ወገን ናቸው። ሲልቨር ስተድድ ብሉ የምትባል ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ አየን፣ ዝናብ መጣ፣ ተመለስን። ሚኒባሱ ትንሽ ስለነበር ግማሹ ልጅ ቀርቷል። በር ላይ ቆመው የቀሩትን ልጆች ፊት ያየሁት እኔ ነኝ።

ስለ ገንዘብም ልናገር። ለእግር ኳስ ክበባችን አዲስ ማሊያ ተገዝቷል፤ ደስ ይበላቸው፣ ያምርባቸዋል። እኛ ግን ያሉን ሁለት አጉሊ መነጽሮች ናቸው፤ አንዱ ተሰንጥቋል። ድጋፍ የጠየቅነው አንድ ድርጅት «ባህላዊ ፕሮግራም ስላልሆነ» ብሎ መለሰን። እማማን ይዤላቸው ብሄድ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለውን ኤክስሙርን መርጠዋል። ኬንት ጫካ ውስጥ ያየነው ያው ቢራቢሮ እዚያ የሚኖረው በገላጣው ሂዝላንድ ሸለቆዎች ነው፤ አባጨጓሬውም በዋናነት ያችኑ ካው ዊት ነው የሚበላው። ሩቅ ስለሆነ አንድ ሌሊት ማደር ግድ ነው። በክረምቱ አገር ቤት ለምትሄዱ ቤተሰቦችም አንድ ሥራ አለችን። በኢትዮጵያ ደጋ የፍሪቲላሪ ዘመድ አለ፤ ብርቱካናማ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ አባጨጓሬው ቫዮሌት የምትባለውን ትንሽ አበባ ቅጠል ይበላል። ካያችሁት ፎቶ አንሱልን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉልን።

ሚኒባስ የመንዳት ፈቃድ ያለው ወላጅ፣ ትርፍ አጉሊ መነጽር ወይም የድንኳን ዕቃ ያለው ሰው ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ያገኘኛል። የመዋጮው ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው፤ ከማሊያው ፎቶ ሥር።