ልጄ፣ ያንን "የሞተ ጉድጓድ" ያልኩሽን ነገር

ውድ ልጄ ለጤናሽ እንደምን ነሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ግን ባለፈው በስልክ የተናገርኩሽ ነገር ከዛን ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ነው የከረመው። አንቺ በዛ ደስታሽ "አባዬ ቴሲሴን በድሮ ማዕድን ቁፋሮና በብረት ማቅለጥ ታሪክ ላይ ልሰራ ነው" ስትዪኝ እኔ ሳላስብ "የሞተ ጉድጓድ ስትቆፍሪ ልትኖሪ ነው፣ ኢንጂነሪንግ የተማርሽው ለዚህ ነው እንዴ" አልኩሽ። ዝም አልሽ። ከዛ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው ብለሽ ዘጋሽው፣ ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር።

በስልክ ይቅርታ ማለት አይሆንልኝም፣ ታውቂኛለሽ፣ ስለዚህ እየጻፍኩልሽ ነው፣ ከረዘመብሽ እያረፍሽ አንብቢው።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ገና ወጣት ቀያሽ እያለሁ ከመሬት በታች አንድ መተላለፊያ እየገፋን ነበር፣ ከፊታችን ድሮ ተቆፍሮ የተተወ ዋሻ እንዳለ እናውቃለን ግን ፕላኑ ላይ ገና ሩቅ ነው፣ ፕላኑን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ግድግዳው ማላብ ጀመረ። እኔ የተለመደ እርጥበት ነው ብዬ ልለካ ስጠጋ አንድ ሽማግሌ ቆፋሪ ኮሌታዬን ይዘው ጎተቱኝና "ይሄ የቆመ ውሃ ሽታ ነው፣ ውጣ" አሉኝ። ወጣን። ማታ ላይ ያ መተላለፊያ እስከ ጣራው ውሃ ነበር። በኋላ ሲጣራ ለካ ፕላኑ የተሳለው የድሮዎቹ ሰዎች ስራ ከማቆማቸው በፊት ነው፣ ከዛ ወዲህ የቆፈሩትን ወይ ማንም አልሳለውም ወይ ተስሎ ጠፍቷል። እንግዲህ በዚህ ያለፈ ሰው ነው አንቺን "የሞተ ጉድጓድ" ያለሽ!

እኛስ ተረፍን። እንግሊዝ አገር ሎፍትሃውስ በሚባል የድንጋይ ከሰል ማዕድን በ1973 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ቀያሾቹ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩት ጉድጓዶች እኛ ያለንበት ጥልቀት ድረስ አይወርዱም ብለው ነበር፣ ይወርዱ ነበር፣ ውሃው ሰብሮ ገባና 7 ሰው ሞተ። የሚያንገበግበው ምን መሰለሽ፣ ጥልቀቱ ተጽፎ ነበር እኮ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጂኦሎጂስት በማስታወሻ ደብተሩ አስፍሮት ደብተሩ በጂኦሎጂ መስሪያ ቤት ተቀምጦ ነበር፣ ሄዶ የገለጠው ሰው ግን አልነበረም። ፔንሲልቬንያ ኩዊክሪክ ላይም በ2002 ጎረቤት ያለው የተተወ ማዕድን የመጨረሻ ካርታ ስላልነበራቸው ወደ ውሃው ቆፈሩና 9 ሰዎች ከ3 ቀን በላይ ታፍነው ቆዩ፣ እነሱስ ሁሉም በህይወት ወጡ። ስለዚህ የማዕድን ታሪክ ምን ይሰራል ላለሽ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ንገሪው።

ከዛ ስልክ በኋላ በእልህ ይሁን በጸጸት እንጃ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያነሳሁት አግሪኮላን ነው፣ ስለ ማዕድን የጻፈው ትልቁ መጽሐፍ በ1556 ባዝል ላይ የታተመ፣ ሰውየው ራሱ ከመታተሙ በፊት በነበረው ዓመት ሞቶ መጽሐፉን ሳያየው ቀረ። ሐኪም ነበር፣ ዮአኪምስታል በሚባል የብር ማዕድን ከተማ ቆፋሪዎችን እያከመ የሚሰሩትን ሁሉ ያይ ነበር። ስዕሎቹን እያየሁ ሁለት ሌሊት አነጋሁ፣ ውሃ መሳቢያው፣ ወናፉ፣ ሰው በገመድ ሲወርድ፣ ሁሉም ተስሏል። የመጽሐፉ ችግር ላቲን ነው፣ ቆፋሪዎቹ የሚጠቀሙባቸው ቃላት በላቲን ስለሌሉ ሰውየው ራሱ ፈጠራቸው፣ በኋላ የሚያነበው ሁሉ ግራ ገባው። በ1912 ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት እነማን መሰሉሽ፣ ኸርበርት ሁቨርና ሚስቱ ሉ ሄንሪ። እሱ የማዕድን ኢንጂነር፣ እሷ ጂኦሎጂ የተማረች ላቲን የምትችል፣ ቃሉ ሲጠፋባቸው ስራው እንዴት እንደሚሰራ አስበው ነው የሚደርሱበት (አዎ፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የሆነው ሁቨር ነው፣ ለዛኛው ስራው ብዙም ባይመሰገንም)። ላቲን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ያ መጽሐፍ አይፈታለትም ነበር። ኢንጂነሪንግሽ ባከነ ያልኩሽን እዚህ ጋ መለስኩት።

የጻፈ ሰው የሌለባቸው ቦታዎች ግን ይበልጣሉ፣ እዛ የሚናገረው ስላግ ነው፣ ድሮ ሰው የብረት አር የሚለው። ይሄን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ ግን ልበልልሽ፣ የድሮ ምድጃ 1200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቆሻሻው ቀልጦ ይፈሳል፣ ብረቱ ግን 1538 ካልደረሰ አይቀልጥምና እንደ ስፖንጅ ሆኖ ውስጥ ይቀራል። ብረቱን ወስደው ይቀጠቅጡታል፣ ይሸጣል፣ ይዝጋል፣ ይጠፋል። ያ የፈሰሰው ጥቁር ነገር ግን ማንም ስለማይፈልገው እዛው ይቀመጣል፣ ማይክሮስኮፕ ስር ስታደርጊው ሙቀቱንም እንዴት እንደቀዘቀዘም ያወራል፣ ውስጡ የቀረች ቁራጭ ከሰል ካለች ደግሞ ዘመኑን በካርቦን ትለኪዋለሽ። ሰው የጣለው ነገር አይዋሽም ልል ነበር፣ ግን ይዋሻል፣ የሚያነበው ሰው ቸኩሎ ከሆነ።

ቲምናን ተመልከቺ። ደቡብ እስራኤል ያለ የመዳብ ማዕድን ነው። በ1930ዎቹ የንጉሥ ሰለሞን ነው ተባለ፣ በ1969 የግብጾች ቤተ መቅደስ ሲገኝ የለም የግብጾች ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 13ኛውና 12ኛው ክፍለ ዘመን ነው ተባለ፣ ከዛ የተምር ፍሬ ምናምን ለቅመው በካርቦን ሲለኩ ዋናው ስራ እዛው ከክርስቶስ ልደት በፊት 10ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ሆነ። እዛው አንድ ኮረብታ "የባሮች ኮረብታ" የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፣ እንደዛ ያለ በረሃ ላይ ከባሪያ በቀር ማን ይሰራል ብለው ነው መቼም። የምግብ ትርፍራፊውን ሲመረምሩ ግን እዛ ያቀልጡ የነበሩት ሰዎች ጥሩ ጥሩውን የስጋ ብልት፣ ጭራሽ ከሜዲትራኒያን የመጣ አሳ ነው የሚበሉት። አጥኚዎቹም እነዚህ ባሮች ሳይሆኑ የተከበሩ ባለሙያዎች ናቸው አሉ። አቅላጭ እኮ ነው፣ ምድጃውን አንድ ሰዓት ቢያበላሽ የሳምንት ከሰል ገደል ገባ።

ደግሞ ዛዋር አለልሽ፣ ህንድ ራጃስታን። ዚንክ አስቸጋሪ ነገር ነው፣ ከድንጋዩ የሚላቀቅበት ሙቀት ከሚፈላበት ከ907 ዲግሪ ስለሚበልጥ ጋዝ ሆኖ ይወጣና አየር ሲያገኘው መልሶ ዱቄት ይሆናል። የዛዋር ሰዎች የሸክላ እቃ ደፍተው ጋዙን ወደ ታች ወደ ቀዝቃዛው ክፍል አወረዱት፣ በቃ። እንግሊዝ ውስጥ ዊሊያም ቻምፒየን ለዚሁ ነገር ፓተንት (የፈጠራ መብት ወረቀት) ያወጣው በ1738 ነው፣ ዛዋር ከዛ በመቶ ዓመታት ይቀድማል። ያገለገሉት ሸክላዎች እዛው ተከምረው ቀርተዋል፣ አንዳንዱ የመንደር ቤት ግድግዳው በነሱ ነው የተሰራው። ለዛ ነው "ማን መጀመሪያ ፈጠረው" የሚሉትን ዝርዝሮች የማልወደው፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ወረቀት ያወጣው ሰው ነው የሚጻፈው።

ሰሜን ምዕራብ ታንዛኒያ ያሉት ሃያ የሚባሉት ሰዎችም ሊያመልጡሽ አይገባም። በ1970ዎቹ ፒተር ሽሚትና ዶናልድ ኤቨሪ የሚባሉ አጥኚዎች ብረት ማቅለጥ ካቆሙ ብዙ ዓመት የሆናቸውን ሽማግሌዎች እንደገና ምድጃ አሰሯቸው፣ እነሱ ሲሰሩ ሙቀቱን ለኩ። የወናፉ የሸክላ ቱቦ ምድጃው ውስጥ ስለሚገባ አየሩ ቀድሞ ይሞቃል አሉ፣ ሌሎች የብረታ ብረት ባለሙያዎች ደግሞ ያን ያህል አይሞቅም ብለው ተከራከሯቸው፣ ክርክሩ ስንት ዓመት ሄደ። እኔን የነካኝ ክርክሩ አይደለም፣ ሽማግሌዎቹ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም ነበር። ስለዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ አትቀመጪ፣ በህይወት ያለ ሙያተኛ ካለ ቀድመሽ እሱ ጋ ሂጂ፣ ስላጉ ይጠብቅሻል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ። ያ አግሪኮላ የነበረበት ዮአኪምስታል፣ ዛሬ ቼክ ውስጥ ያለው፣ ዶላር የሚለው ስም የመጣው ከሱ ነው፣ እዛ ከተመታው ታለር ከሚባለው የብር ሳንቲም። ማሪ ኩሪ በ1898 ከባሏ ጋር ራዲየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ካገኘች በኋላ አንጥራ ለማውጣት ቶን ቶን የሚሆን ድንጋይ ስትፈልግ ከየት አመጣችው፣ ከዛው ከዮአኪምስታል፣ ዩራኒየሙ ወጥቶለት ጫካ ውስጥ የተደፋውን ተረፈ ምርት፣ በጆንያ ሲመጣላት የጥድ ቅጠል ተቀላቅሎበት ነበር።

እንግዲህ ቁም ሳጥኑ ላይ ያሉትን የቀያሽነት ደብተሮቼን ታውቂያቸዋለሽ፣ እናትሽ አቧራ ነው እያለች ስንቴ ልትጥላቸው ነበር፣ እኔም ባለፈው ወር እሺ ብያት ነበር። አሁን አውርጄ በካርቶን አስሬያቸዋለሁ፣ አስራ አንድ ናቸው፣ ስትመጪ ውሰጃቸው። ሰባተኛው ላይ ያን ቀን የራሰ ገጽ አለ፣ የመጨረሻው ልኬት 41 ሜትር ይሁን 47 ለኔ መለየት አቅቶኛል፣ ላቦራቶሪያችሁ ውስጥ የጠፋ ቀለም የሚያነብ መሳሪያ ካለ መጀመሪያ እሱን እዪልኝ።

አባትሽ