ፒራሚድ ስናጣራ ከረምን፦ የታሪክና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«እናንተ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ፒራሚድ ስታሳድዱ ከረማችሁ» የሚለን ሰው ከመምህራን ክፍል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከርመናል። ግን እስቲ ምን እንዳገኘን ልንገራችሁ።

ነገሩን የጀመሩት ልጆቹ ናቸው። መስከረም ላይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቲክቶክ ላይ ያየውን ይዞ መጣ። አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ፒራሚድ አለ፣ የሠሩት ከሌላ ፕላኔት የመጡ ናቸው የሚል። ግማሹ አመነ፣ ግማሹ ሳቀ። «እንግዲያውስ እናጣራ» አልኳቸው።

ተጣራ። የአንታርክቲካው «ፒራሚድ» ኤልስዎርዝ ተራሮች ውስጥ ያለ 1,265 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ድንጋዩን ይፈነቅላል። ይሄ ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ጎኖቹን አሾላቸው። ቻይና፣ ሺአን አካባቢ አለ እየተባለ የተወራለት «ነጭ ፒራሚድ» ደግሞ የጥንቱ የቻይና ሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የነበረው የዉ መቃብር ነው፤ የአፈር ጉብታ። ቦስኒያ፣ ቪሶኮ ከተማ አጠገብ አለ የሚባለው «ፒራሚድ»ም ተፈጥሯዊ ኮረብታ ነው።

ልጆቹን የያዛቸው ግን ጎረቤታችን ሱዳን ናት። እዚያ ከ200 በላይ ፒራሚዶች አሉ፤ በቁጥር ከግብፅ ይበልጣሉ። «ታዲያ ይሄን ለምን ቲክቶክ አያሳየንም?» አለ ያው የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ፣ ተናዶ። እ.ኤ.አ. በ1834 ጁሴፔ ፌርሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ወርቅ ፍለጋ ወደ ጥንታዊቷ የሱዳን ከተማ ሜሮዌ ሄዶ የበርካታ ፒራሚዶችን አናት አፈረሰ። የንግሥት አማኒሻኬቶን ጌጥ አገኘና ሸጠው። ጌጡ ዛሬ ሙኒክና በርሊን ሙዚየም ውስጥ ነው። ፒራሚዶቹ አናታቸው እንደፈረሰ ቀሩ።

ጅማ አጠገብ ወዳለችው ጅሬን ለጉብኝት የሄድነው ይሄን ካነበብን በኋላ መሆኑ ጥሩ ሆነ። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሁላችሁም ስለምታውቁት እዘለዋለሁ። (የእንጨት ጌጡን አትንኩ እያልኩ ጉሮሮዬ መዘጋቱን ግን መዝግቡልኝ።) ስንመለስ ጫፉ ሹል የሆነ ኮረብታ ታየ። «ቲቸር፣ ፒራሚድ!» ተባለ። ደጃቸው ላይ ቡና ያሰጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ሰሙንና ፈገግ አሉ። «እዚያ ውስጥማ የንጉሥ ወርቅ ተቀብሯል ይባላል» አሉን።

ወሬው ወዲያው ያዘ። ሁለት ልጆች እንጨት አንስተው መሬቱን መጫር ጀመሩ። አንዲት ተማሪ አለችን፤ በስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምጿን ሰምተን አናውቅም። እሷ ወደ አዛውንቱ ጠጋ አለችና፣ «አባባ፣ እባክዎ ወርቅ አለ ብለው ለሰው አይንገሩ። ባይኖርም ይቆፍሩታል» አለች።

አዛውንቱ ቡናውን በመዳፋቸው እየበተኑ ዝም አሉ። ከዚያ «እውነትሽን ነው ልጄ፣ የቆፈሩም አሉ» ብለው ተነሡ። ወስደውም አሳዩን። ከኮረብታው ሥር ወገብ የሚያደርስ ጉድጓድ አለ፣ ዳሩን ቁጥቋጦ ወርሶታል። ሁለቱ ልጆች እንጨታቸውን ጣሉ። እኔ ስንት ዓመት ፈተና ሳወጣ እንደዚህ ያለ መልስ አርሜ አላውቅም።

ሌላው የተለመደ ነው። ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን ተካሂደዋል፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። ከአባላቱ ከፊሉ «ንባብ በዛ» ብለው ወደ ሚኒ ሚዲያ ኮብልለዋል። የወላጆች ቀን ዕለት መብራት ስለጠፋ ኤግዚቢሽናችን በስልክ መብራት ታይቷል። ፎቶዎቹን ያሳተምነው ከኪሳችን ነው። የስፖርት ክበብ አዲስ ኳስ ሲያገኝ ደስ ይለናል፣ አንመቀኝም። እኛ የጠየቅነው የመለኪያ ሜትር ግን ይኸው እስካሁን «በሂደት ላይ» ነው።

ለከርሞ ያሰብነው ጢያን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ የተቀረጹ፤ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። መግቢያውን ልጆቹ በየወሩ እያዋጡ ነው። የሚጎድለን መኪና ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ነዳጁን ቢችለን፣ ሃይሩፍ ሚኒባስ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ለሁለት ቀን ብታውሱን፣ ዓርብ ከሰዓት ከላብራቶሪው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል አለን። ወንበር ስለሌለ ቆማችሁ ብታናግሩን ቅር አይበላችሁ።