ስለ ሁለት ጥንዱ ክርክራችን

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሳንጻጻፍ ስድስት ዓመት ሊሞላን ነው። ደብዳቤውን በምክንያት ድርደራ ጀምሬው ነበር፤ አንዱም ስላላረካኝ ቀደድኩት። ናፍቀኸኛል። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ያ የሁለት ጥንድ ክርክራችን ነው፤ በፖከር የካርታ ጨዋታ ለአንድ ሰው ከሚደርሱት አምስት ካርታዎች፣ ማለትም ከእጆቹ፣ ሁለት ጥንድ ተመሳሳይ ቁጥር ያለባቸው ስንት ናቸው የሚለው። አንተ የእኔን ቁጥር በሁለት አካፍለው ትለኝ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። አንተ ነበርክ ልክ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። የእህቴን ልጅ ጥምረት ላስጠናት ተቀምጬ፣ ምሳሌ እንዲሆነን ካርታ አወጣሁ። ከ52 ካርታ አምስት ሲታደል 2,598,960 የተለያየ እጅ ሊወጣ እንደሚችል፣ የትኛው ካርታ ቀድሞ መድረሱ ለውጥ እንደሌለው ነገርኳት። ቶሎ ገባት። ቀጥለን ፉል ሃውስን፣ ማለትም ሦስት አንድ ቁጥር ከሁለት ሌላ ቁጥር ጋር የያዘውን እጅ፣ ሠራን። ሦስት ሆኖ ለሚመጣው ቁጥር 13 ምርጫ፣ ሁለት ሆኖ ለሚመጣው 12፤ ሦስቱን ከአራቱ የካርታ ምልክት ዓይነት ለመምረጥ 4 መንገድ፣ ሁለቱን ለመምረጥ 6። ሲባዛ 3,744።

ሁለት ጥንድ ላይ ስንደርስ ያኔ የሠራሁትን ያንኑ ደገምኩት። ለመጀመሪያው ጥንድ 13፣ ለሁለተኛው 12፣ ለእያንዳንዳቸው 6፣ ከሁለቱም ቁጥር ውጪ ለምትሆነው አምስተኛ ካርታ 44፤ በጠቅላላው 247,104። ልጅቱ ሁለት ንጉሥና ሁለት አስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና «የመጀመሪያው ጥንድ የትኛው ነው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። አንተም «በሁለት አካፍለው» ስትለኝ የነበረው ይህንኑ ነው። በፉል ሃውስ ሦስት ንጉሥ ከሁለት አስ ጋር አንድ እጅ ነው፤ ሦስት አስ ከሁለት ንጉሥ ጋር ሌላ እጅ። ስለዚህ 13 በ12 ማባዛቱ ያስኬዳል። ሁለቱ ጥንዶች ግን የሥራ ልዩነት የላቸውም። አስና ንጉሥ፣ ንጉሥና አስ ብዬ አንዱን እጅ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ላይ የሚመረጡበት መንገድ 78 ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ብዛት ደግሞ 123,552። ከ21 እጅ አንዱ ገደማ ማለት ነው፤ በእኔ ስሌት ግን ከአሥር ተኩል አንድ ይሆን ነበር።

ለምን እንዳልታየኝ ለማወቅ የድሮውን ደብተር ፈልጌ አወጣሁት። ድምሩ 2,598,960 ስለገጠመልኝ ነበር ያን ያህል የተሟገትኩህ። አሁን ሳየው፣ ምንም የሌለበትን እጅ፣ ማለትም ቁጥር ያልተደገመበትን፣ ተከታታይም አንድ ዓይነትም ያልሆነውን፣ ራሱን አስችዬ አልቆጠርኩትም፤ ሌላውን ሁሉ ደምሬ ከጠቅላላው ቀንሼ ነው ያገኘሁት። እንዲህ ከተሠራ ድምሩ መቼም አይስትም፤ ስህተቱ እዚያ መስመር ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። በቀጥታ ስቆጥረው፣ አምስት የተለያዩ ቁጥሮች በ1,287 መንገድ ይመረጣሉ፤ ተከታታይ የሆኑት 10 ሲወጡ 1,277። ዓይነታቸው በ1,024 መንገድ ይደለደላል፤ አምስቱም አንድ ዓይነት የሚሆኑበት 4 ሲወጣ 1,020። ሁለቱ ሲባዙ 1,302,540። የደብተሬ ቁጥር 1,178,988 ይላል። ልዩነቱ 123,552 ነው፣ ልክ ሁለቴ የቆጠርኩት ያህል። ሳየው ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ።

ያን ሌሊት ድምፄን ከፍ አድርጌብህ ደብተሩን ዘግቼ መሄዴን አልረሳሁም። ይቅርታ አድርግልኝ።

በ1654 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለቱ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቃውንት፣ ፓስካል ከፓሪስ፣ ፌርማ ከቱሉዝ ሆነው ሳይጠናቀቅ ስለተቋረጠ ጨዋታ ገንዘብ ክፍፍል ሲጻጻፉ፣ በየራሳቸው መንገድ ሠርተው አንድ መልስ ላይ ደርሰው ነበር። እኛም እንዲያ ብናደርግ ብዬ አሰብኩ። ሰባት ካርታ ታድሎ ምርጡ አምስት ሲወሰድ ጠቅላላው 133,784,560 ይሆናል። በአምስት ካርታ ምንም የሌለበት እጅ ከሁሉም እጅ ግማሹን ያለፈ ነበር፤ እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አንድ ጥንድ 43.8 በመቶ ሲሆን ምንም የሌለበት እጅ 17.4 በመቶ ብቻ ነው። ሆኖም በጨዋታው ደረጃ ባዶው እጅ አሁንም የመጨረሻው ነው። ይህ ከምን እንደሚመጣ በቆጠራ ማየት እፈልጋለሁ። ባዶውን እጅ እኔ ጀምሬዋለሁ። ሁለት ጥንዱን አንተ ውሰደው፤ ሦስት ጥንድ ደርሶ ሁለቱ ብቻ የሚያዙበትንም እንዳትረሳ። የእኔን ውጤት አሁን አልልክልህም፤ ያንተ ሲደርሰኝ እናስተያየዋለን።

የማልረሳህ ወንድምህ