ከጡት ካንሰር የዘረመል ምርመራ የሚያመልጠው ጉድለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጡት ካንሰር የዘረመል ምርመራ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የአንድ የዲኤንኤ ፊደል ስሕተት ነው። ከዚያ የሚሰፋና በቀላሉ የሚያመልጥ ጉድለት ግን አለ፤ መነሻውም ተደጋጋሚው ዲኤንኤ ነው።

ከሰው ዲኤንኤ ግማሽ ያህሉ ተደጋጋሚ ነው። «አሉ» የሚባለው ቅንጣቢ ብቻ፣ 300 ፊደል ገደማ ርዝመት ያለው፣ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተገልብጦ ይገኛል። ሲበላሽ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው ቢአርሲኤ1 የተባለው ዘረመል በእነዚህ ቅጂዎች የታጨቀ ነው። ዲኤንኤው ተበጥሶ ሕዋሱ ሊጠግነው ሲል፣ ትክክለኛውን ጥንድ ስቶ ከሚመሳሰል ጎረቤት ቅጂ ጋር ሊያጋጥመው ይችላል። ያኔ በመሃል ያለው ክፍል ወይ ይቆረጣል ወይ ይደገማል። ኤክሶን 13ን (ኤክሶን የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የያዘ የዘረመል ክፍል ነው) ይዞ 6,000 ያህል ፊደል የሚደግመው የታወቀ ለውጥ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። የሚያሳዝነው፣ ቢአርሲኤ1 ራሱ ለትክክለኛው ጥገና የግድ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው፤ የዚህ ዘረመል ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ሕዋሱ ስሕተት ወደሚያበዛ ጥገና ያዘነብላል።

በአንድ ጊዜ 150 ፊደል የሚያነብ መሣሪያ ንባቡ ከ«አሉ» ያጥራል፤ ስለዚህ የየትኛው ቅጂ እንደሆነ መለየት ይቸግራል። የኤክሶኖችን ቅጂ ብዛት የሚለካው ኤምኤልፒኤ የተባለው ምርመራ ግን ጉድለቱን ይይዘዋል፦ ከኤክሶኑ 2 ቅጂ 1 ሲቀር ምልክቱ ከመደበኛው 1 ወደ 0.5 ይወርዳል፣ 3 ሲሆን ወደ 1.5 ይወጣል። የአንድ ኤክሶን ምልክት ብቻውን ከወረደ በሌላ ዘዴ ይረጋገጥ፤ በምርመራው ኤክሶኑ ላይ የሚጣበቀው መመርመሪያ በሚያርፍበት ቦታ ያለ ትንሽ ለውጥም ያወርደዋልና።

በቤተሰባቸው የጡት ወይም የእንቁልጢ (የእንቁላል እጢ) ካንሰር ያለባቸው አንባቢዎች «ምንም አልተገኘም» ሲባሉ፣ ትላልቅ መቆረጦችና መደገሞች ተመርምረው እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘረመል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች