ጉዳዩ፦ ውሃ የማይወርድበት የሲንክ ቦይ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አራት ጊዜ ደውያለሁ። አራቴም «ነገ ባለሙያ እንልካለን» ተባልኩ። የመጣ ሰው የለም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይኸው።

ከሁለት ወር በፊት ፒያሳ ካለው ሱቃችሁ የኪችን ግራናይት አሠርቻለሁ። ቤቴ አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ድንጋዩ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ልቤ የነበረው ነጩ የዳለቲ እምነ በረድ ላይ ነበር። «ዶሮ በሎሚ ለሚታጠብበት ቤት አይሆንም፣ ሎሚው ይበላዋል፣ ያደበዝዘዋል» ብሎ ያስተወኝ የእናንተው ሻጭ ነው፤ ልክ ነበር፣ አመሰግነዋለሁ። የኔ ጣጣ ከታጠበ እቃ የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ ሲንኩ እንዲወርድባቸው ከሲንኩ በስተቀኝ ድንጋዩ ላይ የተቆፈሩት አምስት ቦዮች ናቸው።

ሳዝ እኮ ቦይ አልነበረም የፈለግኩት። የድንጋዩ ፊት እንደ ትሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ሲንኩ እንዲያዘነብል ነበር፤ ቦይ ውስጥ ቆሻሻ ይቀራል፣ ስፖንጅ በደንብ አይገባበትም። እናንተ ግን ድንጋዩ 2 ሴንቲ ስለሆነ ሰፊ ቦታ ዝቅ ከተደረገ ይሳሳል፣ ሲንኩ አፍ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል አላችሁ። እሺ አልኩ። ለቦዩ ብቻ 6,000 ብር ጨመርኩ።

ታዲያ ቦይ ካላዘነበለ ምኑን ቦይ ሆነ? ድንጋዩ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ውሃውን የሚነዳው የቦዩ ጥልቀት ብቻ ነው። ከሩቁ ጫፍ 2 ሚሊ ላይ ጀምሮ ሲንኩ ጋ ሲደርስ 6 ሚሊ ገደማ መሆን ነበረበት። እኔ የክብሪት እንጨት አቁሜ፣ የድንጋዩ ፊት የደረሰበትን በጥፍሬ ይዤ ለካሁት። በሁለቱም ጫፍ ጥፍሬ እዚያው ቦታ አረፈ። ይባስ ብሎ ሁለቱ ቦዮች ሲንኩ ጋ ሳይደርሱ አንድ ጣት ሲቀራቸው ቆመዋል። ግድብ አላዘዝኩም።

የገጠመውን ልጅ በዕለቱ ጠይቄዋለሁ። «ማዘር፣ ውሃ እኮ መንገዱን ራሱ ያውቃል» አለኝ።

አላወቀም። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ እቃው ተከማችቶ ይቆይና የመጣ ቀን በአንዴ ታጥቦ እዚያ ላይ ይደፋል። ጠዋት ሲኒዎቹን ሳነሳ ከእያንዳንዱ ሥር ክብ ውሃ አለ። ቦዮቹ ውስጥ ደግሞ እርድ የነካው ቢጫ ውሃ ተኝቷል። ሲደርቅ ነጭ መስመር ይተዋል፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ደግሞ ከሳሎን ይታያል። በየቀኑ በጨርቅ እየመጠጥኩ ነው የማደርቀው፤ እንዲህ ከሆነማ በድሮው የፕላስቲክ ማድረቂያዬ ምን አነሰኝ?

በስልክ «ቦዩን በሲሊኮን እንሙላው» ያላችሁኝን እንዳልሰማሁ ልለፈው።

የምፈልገው ይህ ነው። ውሃ ልክ ይዛችሁ ኑና እዩት። ቦዮቹ ወደ ሲንኩ እየጠለቁ እንደገና ይቆረጡ፣ አጫጭሮቹም እስከ ሲንኩ አፍ ይድረሱ፣ ውስጣቸውም ፖሊሽ ይደረግ፤ አሁን ሻካራ ስለሆነ ቆሻሻ ይይዛል። ቤት ውስጥ በደረቁ ቆርጣችሁ አቧራውን ልብሴ ላይ እንዳታራግፉት። ድንጋዩ አይችልም ካላችሁ ያንን ቁራጭ ቀይሩ፣ ያም ካልሆነ የቦዩን 6,000 ብር መልሱ። ወርዶ የሚወጣ ከሆነ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ የእናንተ ነው፤ ሦስት ፎቅ አንዴ ከፍያለሁ። ደረሰኙም ፎቶውም እጄ ላይ ነው፣ በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

ስትመጡ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ውሃ ያለበት ቀን ይሁን። ፊታችሁ አንድ ጆግ አፈስበታለሁ፤ ቡና እስኪፈላ ቁጭ ብለን እናየዋለን።

ደንበኛችሁ፣ ከአራት ኪሎ