ለዚያ የ10 በመቶ ማስታወቂያ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቁጠባ የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ገጹን ስገልጠው ግን «በዓመት 10 በመቶ ወለድ ብቻ!!!» የሚል የብድር ማስታወቂያ ጠበቀኝ። ሳቄ መጣ። በዚችው ቁጥር ተሸውጄ አውቃለኋ!

ሒሳቡ እንዳይከብድ የተበደርኩት 12,000 ነበር ልበል። በ12 ወር የሚመለስ። ወለዱ 1,200፣ ሲደመር 13,200፣ በየወሩ 1,100። ልክ ነው ብዬ ፈረምኩ። ያላስተዋልኩት ነገር፣ ዕዳዬ በየወሩ እየቀነሰ ሲሄድ ወለዱ ግን እስከ መጨረሻው የሚታሰበው መጀመሪያ በወሰድኩት ሙሉ ገንዘብ ላይ መሆኑን ነው። ግማሹን መልሼ እንኳ 12,000ው ሙሉ በሙሉ እጄ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ እከፍላለሁ ማለት ነው። ባንክ የሚሠራ ወዳጄ በቀሪው ዕዳ ላይ አስልቶ ሲያሳየኝ 10 የተባለው ወደ 18 በመቶ ተጠጋ። በዚያ ላይ 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ገና ከመነሻው ተቆርጧል። እጄ የገባው 11,760፣ የምመልሰው የ12,000ውን። እሱ ሲጨመርበት 22 በመቶ ደረሰ።

ማንም አልዋሸኝም። የሚያናድደውም እሱ ነው። ሁሉም ነገር ውሉ ላይ አለ፣ ዓይን በሚያጠፋ ጥቃቅን ፊደል። ቀድሜ ልክፈልና ልገላገል ብልም የቀሪዎቹ ወራት ወለድ አይቀነስም ተባልኩ። እሱም ተጽፏል ለካ።

ሰው ሲሸወድ «ማንበብ ነበረብህ» ማለት ይቀናናል። እሺ፣ ማንበብ ነበረብኝ። ግን ስንቱ ሰው ነው የብድር ውል ይዞ ካልኩሌተር የሚቀጠቅጠው? በተለይ በሽተኛ ቤት አስተኝቶ የሚበደር ሰው፣ ቢያነብስ ምን አማራጭ አለው? አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ሕግ አበዳሪው ክፍያዎቹን ጭምር ያካተተ ዓመታዊ መቶኛ እንዲነግር አስገድደዋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የፍጆታ ብድር የፈረመ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ ውሉን እንዲተው መብት ሰጥቷል፤ ዋናውን ገንዘብና የቆየበትን ወለድ መልሶ ነው፣ በነፃ አይደለም። ለማንኛውም፣ አዋቂ ብቻ የሚድንበት ገበያ ጤነኛ ነው ብዬ አላምንም።

ማስታወቂያ ገቢያችሁ መሆኑ ይገባኛል። አታውጡ አላልኩም። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ይጨመርበት፦ እጅዎ የሚገባው ይህን ያህል፣ የሚመልሱት ይህን ያህል፣ አንድ ቀን ቢያሳልፉ ቅጣቱ ይህን ያህል። ቦታ ጠበበን ካላችሁ ከሦስቱ ቃለ አጋኖዎች ሁለቱን አንሱ።

የዘወትር አንባቢያችሁ