ዬርባ ማቴ ከካሞሚል ተርታ አይመደብም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጤናና ስለ መጠጥ በሚወጡ ጽሑፎች ዬርባ ማቴ (ባጭሩ ማቴ) የተባለው የደቡብ አሜሪካ መጠጥ ብዙ ጊዜ ከካሞሚል፣ ከናናና ከከርከዴ ጋር ተደባልቆ «የቅጠላ ቅጠል ሻይ» ይባላል። በዕፅዋት ሳይንስ ዓይን ካየነው ስህተት አይደለም። ጥቁሩም አረንጓዴውም ሻይ የሚገኘው ካሜሊያ ሳይኔንሲስ ከተባለው ተክል ሲሆን ማቴ ግን ኢሌክስ ፓራጓሪየንሲስ የተባለ የሌላ ዛፍ ቅጠል ነው። ጉዳቱ የሚመጣው አንባቢው «ቅጠላ ቅጠል» የሚለውን ሲሰማ ካፌይን የሌለበት፣ ማታ ጠጥተውት የሚተኙበት ነገር ስለሚመስለው ነው። ካሞሚልም ሆነ ናና፣ ከርከዴም ሆነ የደቡብ አፍሪካው ሩይቦስ ካፌይን የላቸውም። ማቴ አለው። ለጠጪው የሚጠቅመው ከቡናና ከሻይ ጎን ቢቀመጥ ነው።

ካፌይኑ ምን ያህል ነው ሲባል ደግሞ ሌላ ስህተት ይከተላል። ግራም ለግራም ከተመዘነ ደረቅ የሻይ ቅጠል ይበልጣል፤ ሻይ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ ማቴ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ማቴ ይቀልላል» ማለት ግን አያስኬድም፤ ለአንድ ስኒ ሻይ 2 ወይም 3 ግራም ሲበቃ፣ በደቡብ አሜሪካ ወግ ማቴ የሚጠጣበት አንድ ቅል ከ30 እስከ 50 ግራም ማቴ ይይዛል፤ በላዩም እስከ 1 ሊትር ውሃ በየጊዜው ይጨመርበታል። ቅጠሉ 1 በመቶ ብቻ ቢኖረው እንኳ 50 ግራም ውስጥ 500 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ ማለት ነው። ሁሉም ባይወጣም፣ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊ ግራም ማለቱን ማስታወስ ይገባል። በከረጢት የተዘጋጀው 3 ግራም ማቴ ግን ቅጠሉ 2 በመቶ ቢኖረው እንኳ ከ60 ሚሊ ግራም አያልፍም። እንግዲህ ቁም ነገሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

አሠራሩም ይሄ ነው። ቅሉን እስከ ሁለት ሦስተኛው በማቴ መሙላት፣ አፉን በመዳፍ ከድኖ መገልበጥና ነቅነቅ ማድረግ። ብናኙ ወደ መዳፍ ይመጣል፤ ሸካራው ከሥር ይቀራል። ቅሉ በዝግታ ሲቀና ቅጠሉ በአንድ በኩል ተቆልሎ በሌላው በኩል ጎድጎድ ይላል። በጎድጓዳው በኩል ለብ ያለ ውሃ አፍስሶ እስኪመጠጥ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ደረቁ ቅጠል ላይ ገና ከመነሻው ትኩስ ውሃ ከፈሰሰበት ምሬቱን ባንድ ጊዜ ይለቃል። ከዚያ ቦምቢላውን፣ ማለትም ጫፉ ወንፊት የሆነውን የብረት መምጠጫ፣ አፉን በአውራ ጣት ደፍኖ እርጥቡ ውስጥ እስከ ሥሩ ማስገባት። ቀጥሎ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ይፈስሳል፤ ቁልሉ ሳይረጥብ የሚቆየው ለኋላ ጣዕም ነው። በቦምቢላ ማማሰል ግን ብናኙን ወደ ወንፊቱ ይነዳና ይደፍነዋል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው። ተጠጥቶ ሲያበቃ ቅሉ ወዲያው ተደፍቶ ካልደረቀ ይሻግታል።

ካሞሚልና ናና ግን ሌላ ሥርዓት አላቸው። የፈላ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃም ተከድነው ይቆያሉ፤ ክዳኑ ከተረሳ መዓዛቸውን የያዘው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። አረንጓዴ ሻይ ልክ እንደ ማቴ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ጥቁር ሻይ ሊፈላ የደረሰ ውሃና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል።

ስለ ካንሰር የሚነሣውም ጥያቄ በጥንቃቄ መጻፍ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 «ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የመደበው ከ65 ዲግሪ በላይ ሆኖ የሚጠጣን ማንኛውንም መጠጥ ነው፤ እጅግ ያልጋለ ማቴን በዚያ ምድብ አላስገባም። ነገር ግን ከስኒ ፉት ሲባል አየር ያበርደዋል፤ ቦምቢላ ግን ትኩሱን በቀጥታ ወደ ጉሮሮ አቅራቢያ ያደርሰዋል። ስለዚህ ውሃው ቅሉ ውስጥ ትንሽ ቢቆይ ይመረጣል። ቅጠሉ በእንጨት ጢስ ደርቆ ከሆነ ደግሞ ከጢሱ የሚቀሩ ጎጂ ውህዶች ስለሚኖሩ ያለ ጢስ የደረቀውን መምረጥ ይሻላል። ትኩሱን የማይፈልግ የፓራጓይን ቴሬሬ ይሞክር፤ ያው ማቴ በበረዶ ውሃ የሚሠራ ነው፤ ባህሉም በ2020 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ከምግብ ጋር መጠጣትም ሌላው ጉዳይ ነው። ሻይም ማቴም ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያውካሉ፤ ደም ማነስ ያለበት ሰው ቢያንስ ከምግቡ አንድ ሰዓት ቢያርቃቸው ይበጃል። ካፌይን የለውም ማለትም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ለምሳሌ እንደ ሻይ የሚፈላው ጣፋጩ የሊኮሪስ ሥር አብዝቶ ሲጠጣ የደም ግፊትን ይጨምራል።

ከእንግዲህ በጋዜጣችሁ ስለ ማቴ የሚጽፍ ሁሉ ሦስት ነገር እንዲያስገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ስንት ግራም ቅጠል፣ ስንት ዲግሪ ውሃ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ